ሙቀት የገደለው ሰው የትኛው መዝገብ ላይ ነው?

ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት
ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ የሙቀት ወራት በሰው ጤና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በመደበኛነት እንዲቆጠር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሁለቱ ተቋማት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ባለፈው ግንቦትና ሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀት ስንት ሰው ገደለ? ስንቱንስ ሆስፒታል አስገባ? ስለ ወባ ብጠይቅ በሳምንት ተከፋፍሎ፣ በቀበሌ ተዘርዝሮ መልስ አገኛለሁ። ስለ ኩፍኝም እንደዚያው። ስለ ሙቀት ስጠይቅ ግን የማገኘው ፈገግታ ነው። "ድሬ መቼ ቀዝቅዛ ታውቃለች?" ይሉኛል።

እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ለዓመታት ጤና ጣቢያ ውስጥ መዝገብ ይዣለሁ፣ ሪፖርት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ደብዳቤውን ከአንድ ቅጽ ሞይ የመጣ ነው ብላችሁ አንብቡልኝ። በሞላኋቸው ሳምንታዊ ቅጾች ላይ የሙቀት ሕመም የሚል መስመር አጋጥሞኝ አያውቅም። ቅጽ የሞላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ መስመር የሌለው በሽታ አይጻፍም። ያልተጻፈ ደግሞ ወረዳ አይደርስም፣ ክልል አይደርስም፣ እናንተም ጋ አይደርስም። ከዚያ በጀት ሲያዝ "ችግሩ የለም" ይባላል።

ሙቀት ሰውን የሚገድለው በራሱ ስም አይደለም። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይገፋል። ለዚህ ልብ ከወትሮው በላይ መሥራት አለበት። ላብ ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃው ካልተተካ ደም ይወፍራል፣ ኩላሊት ይቸገራል። ጤነኛ ጎልማሳ ይህን ይችለዋል። ልባቸው የታመመ አዛውንት ግን ሦስት የሞቁ ሌሊቶችን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲገላበጡ አድረው በአራተኛው ቀን ያርፋሉ። መዝገቡ ላይ "የልብ ድካም" ይጻፋል። ውሸት አይደለም፤ ልባቸው ደክሟል። በዚያ ሳምንት ምን እንዳደከመው የሚጠይቅ አምድ ግን የለም። የስኳር ሕመምተኛው፣ ኩላሊቱ የደከመው፣ የደም ግፊት ብሎ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስደው፣ ላብ የሚቀንስ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላይ ያለው፣ ሁሉም በሌላ ስም ነው የሚመዘገቡት።

ሂት ስትሮክ የሚባለው ቀጥተኛው የሙቀት አደጋ እንኳ እኛ ጋ ይደበቃል። ምልክቱ የታወቀ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሰውየው ይቀባዥራል ወይም ራሱን ይስታል። ድሬ ውስጥ ግን እንደ እሳት እየተቃጠለ የመጣን ሰው አይቶ ስለ ፀሐይ የሚያስብ ማን ነው? ወባ አለ። በትንኝ የሚተላለፈውን ደንጊ የሚባል ትኩሳት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እናውቀዋለን። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላው የትንኝ ትኩሳት ከተማውን በሙሉ አልጋ ላይ አስተኝቶት ነበር። ስለዚህ ደም ይመረመራል። ወባ የለም። ፓራሲታሞልና አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ፓራሲታሞል ደግሞ ሂት ስትሮክ ላይ ምንም አይሠራም። ሰውየውን የሚያድነው ልብሱን አውልቆ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ ማራገቢያ አዙሮ በደቂቃዎች ውስጥ ማቀዝቀዝ ነው። እንግዲህ መቁጠር የሪፖርት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቅጹ ላይ መስመር ቢኖር ባለሙያው ቢያንስ "ፀሐይ ላይ ነበርክ?" ብሎ ይጠይቃል።

አደጉ የምንላቸው አገሮችም በዚህ ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ፈረንሳይ ውስጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ከወትሮው በላይ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ሐኪም ያላቸው፣ አምቡላንስ ያላቸው፣ የሞት ምዝገባቸው የተሟላ ሕዝቦች ናቸው። ግን በየቀኑ የሚያይ ዓይን አልነበራቸውም። ቀድመው የጮኹት የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ናቸው። ሬሳ ማቆያው ሞልቶ ነው ጉዳዩ መንግሥት ጋ የደረሰው። የጤናው ዋና ዳይሬክተርም ያኔውኑ ሥራቸውን ለቀቁ። በማግስቱ ዓመት ሥርዓት ዘረጉ። የድንገተኛ ክፍሎች መረጃ በየቀኑ ይሰበሰባል፤ የአየር ትንበያውና የጤናው ተቋም አንድ ላይ ሆነው ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 ሌላ ከባድ ሙቀት መጣ። ተመራማሪዎች በቀድሞው አያያዝ ቢሆን ወደ 6,400 ሰው ይሞት ነበር ብለው አሰሉ። የሞተው ወደ 2,000 ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ሥርዓቱ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ሕዝቡም ከ2003 ደንግጦ ነበር። ቢሆንም ያን ስሌት መሥራት የቻሉት ቁጥር ስለያዙ ነው።

ቁጥር መያዝ ግን ጠብም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎ ውስጥ የአስከሬን መርማሪው መሥሪያ ቤት የሙቀት ሟቾችን እየቆጠረ ሲያወጣ ከንቲባው ተጋንኗል ብለው ተከራከሩ። በኋላ ያ ሳምንት ከወትሮው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር የሞተው ትርፍ ሰው 739 ሆኖ ተገኘ። ይህን የማነሳው የእኛም ቢሮዎች ቁጥሩ ሲወጣ ደስ እንደማይላቸው ስለማውቅ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ሁልጊዜ አስፈሪ ነው። ቆጣሪውን መቅጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልግባ። ከወትሮው በላይ የሆነን ሞት ለማወቅ የእያንዳንዱን ሰው የሞት ምክንያት ማወቅ አያስፈልግም። የሞተበት ቀን፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ሰፈሩ ይበቃል። በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ብዙውን ጊዜ ስንት ሰው ይሞታል? ዘንድሮስ? ያን ሳምንት ሙቀቱ ስንት ነበር? በቃ። ፈረንሳይም ቺካጎም የተሠራው ይኸው ነው።

"የሞት ምዝገባ የለንም" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ቢጀመርም ሞትን ሄዶ የሚያስመዘግብ ሰው ጥቂት ነው። ውርስ ወይም ጡረታ ካልኖረ ማን የሞት ወረቀት ይፈልጋል? ግን እኮ እድር አለን። ድሬ ውስጥ ደግሞ እንደ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበር የሆነው አፎሻም አለ። የእድሩ ጸሐፊ ደብተር ውስጥ ማን ሞተ፣ የማን ቤተሰብ ነው፣ መቼ ተቀበረ፣ ስንት ብር ተከፈለ የሚለው ሁሉ ተጽፏል። ገንዘብ የሚወጣበት መዝገብ ስለሆነ ቀኑ አይሳሳትም። አንዳንዶቹ ደብተሮች የሃያና የሠላሳ ዓመት ታሪክ ይዘዋል። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ የሞት መረጃ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እያለ "መነሻ የለንም" ማለት ይከብዳል።

ደብተሩ ጉድለት የለውም አልልም። እድር የሚመዘግበው አባሉንና የአባሉን ቤተሰብ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚያድረው የጎዳና ልጅ፣ ከገጠር ለሥራ የመጣው ተሸካሚ፣ ተፈናቅሎ ሰው ቤት የተጠጋው እዚያ ውስጥ የሉም። ሙቀት ቀድሞ የሚያገኛቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከእድሩና ከአፎሻው ጎን የመቃብር ቦታዎች መታየት አለባቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የሙስሊም መቃብሩም፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚቀብርበትም።

ይህ ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ ሞት ሲመዘግብ ነበር። ያኔ የሚፈለገው ኤድስ ስንት ሰው እየወሰደ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቀርሳ ወረዳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ይከታተላል፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቆ ምክንያቱን ይለያል። ልምዱ እጃችን ላይ አለ። የቀረው በሙቀት ዓይን ማየት ነው። የቀርሳን ሞት ከአየር መዝገብ ጋር አስተያይቶ ለማየት አዲስ መኪና መግዛት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጤና ተቋማት ሪፖርት ነው። በሳምንታዊው የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ቅጽ ላይ በሙቀት ወራት ብቻ የሚሞላ አንድ መስመር ይጨመር። ትርጉሙ ቀላል ይሁን፦ ሙቀት ላይ የቆየ፣ ራሱን የሳተ ወይም የተቀባዠረ፣ የሰውነት ሙቀቱ ከ40 በላይ የሆነ፣ ወባው ተመርምሮ ያልተገኘበት። ቀለል ያለውም ለብቻው ይቆጠር፤ ማለትም ፀሐይ ላይ ውሎ በማዞር፣ በማስመለስ፣ በጡንቻ መኮማተር የመጣ። ምንም ታካሚ ካልመጣ ዜሮ ይጻፍ። ለፖሊዮ ፍለጋ ዜሮ ስንጽፍ ኖረናል፣ የዜሮን ዋጋ እናውቃለን። ባለሙያው በአንድ ቀን ሥልጠና ይይዘዋል። ሙያተኛ ይጨመር እያልኩ አይደለም።

የሚቲዎሮሎጂ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ ለብቻ የምላችሁ አለኝ። በየአሥር ቀኑ ለገበሬው የምታወጡት መረጃ ጥሩ ነው። ለጤናው ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በመጀመሪያ የሌሊቱ ሙቀት። በቀን የተጎዳ ሰውነት የሚያገግመው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱ ካልበረደ ጉዳቱ ይደራረባል። ሁለተኛ እርጥበት። ጋምቤላ ውስጥ 38 ዲግሪና ሰመራ ውስጥ 38 ዲግሪ አንድ አይደሉም፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ አያቀዘቅዝም። ሦስተኛ ደግሞ አደጋ የሚባለው መጠን ከየቦታው የራሱ መዝገብ ይውጣ። 35 ዲግሪ ለድሬ በግንቦት የተለመደ ቀን ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢመጣ ግን ሰው ይወድቃል። ለመላው አገሪቱ አንድ ቁጥር ከተቀመጠ ወይ በየቀኑ ይጮሃል ወይ ጭራሽ አይጮህም።

ወራቱም ይለያያሉ። በአውሮፓ የሙቀት ክትትል በክረምታችን ወራት ነው የሚሠራው፤ ያን ካላንደር ገልብጠን ብናመጣ ጋምቤላን ከነጭራሹ እንስታለን። ጋምቤላ የሚነደው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ድንበር ማዶ ያለችው ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2024ም በ2025ም በእነዚሁ ወራት በሙቀት ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ዘግታለች። በ2025ቱ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች እየወደቁ ነበር። ድንበሩ አየሩን አያግደውም። መተማና ሁመራ ሚያዝያ ላይ ይብሳሉ። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ነው፤ አፋር ደግሞ ክረምቱ ራሱ ነው የሚያቃጥለው።

አንድ ነገር ልጨምር። መለኪያችሁ ጥላ ውስጥ፣ ክፍት ሜዳ ላይ ነው ያለው። ደንቡ ያ ስለሆነ ትክክል ነው። መጋላ አካባቢ ጣሪያው ዝቅ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትተኛ አራስ ግን የምትኖረው በዚያ ቁጥር ውስጥ አይደለም። በጥቂት ቤቶች ውስጥ ራሱ የሚመዘግብ ርካሽ ቴርሞሜትር ለአንድ ወቅት ቢሰቀል በጣቢያውና በቤቱ መካከል ያለውን ልዩነት እናውቃለን።

በሥራ ላይ ያሉት ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። መተሐራ አገዳ የሚቆርጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አካባቢ የመጣ ነው፤ የሚከፈለውም በቆረጠው ልክ ነው። ካረፈ ያጣል። በመካከለኛው አሜሪካ የአገዳ እርሻዎች ላይ ስኳርም ግፊትም የሌለባቸው ወጣቶች ኩላሊታቸው እየሞተ ሲያስቸግር፣ ሙቀት ላይ ያለ ዕረፍትና ያለ ውሃ መሥራት ከዋና ተጠርጣሪዎቹ አንዱ ሆኗል። እኛስ ጋ? ማንም የአገዳ ቆራጮችን ኩላሊት በሥራ ወቅት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ካልመረመረ ማወቅ አይቻልም። ምርመራው ቀላል የደም ምርመራ ነው። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውም እንዲሁ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የሚበዛው አደጋም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው። ልጁ ግን ከመኪና በወረደ ማግስት ሙሉ ቀን ይሠራል።

ካታር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ባለው ጊዜ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ደጅ ላይ ሥራ ከልክላለች። ሙቀትን፣ እርጥበትንና ፀሐይን አንድ ላይ የሚለካው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ሰዓቱ ምንም ይሁን ሥራ ይቆማል። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ወቀሳ አለ፤ ደጅ የማይሠሩት የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ደግሞ ጭራሽ አይነካቸውም። ግን ቢያንስ ቁጥሩ ሕግ ላይ ተጽፏል። በገዛ አገራችን ሜዳ ላይ ለሚሠራው ያን ያህል እንኳ መኖሩን አልሰማሁም።

ጤና ተቋሞቻችን ራሳቸው መለካት አለባቸው። ሕንድ አገር አሕመዳባድ ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ ደረሰ። በዚያ ወር ከወትሮው በላይ 1,344 ሰው ሞተ። ያን ተከትሎ በ2013 ከተማዋ የሙቀት ዕቅድ አወጣች። እኔን ግን የገረመኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ከላይኛው ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር ነበር። መዝገቡን ሲያዩት በሙቀት የሚታመሙ ጨቅላዎች መብዛታቸውን አስተዋሉ። ክፍሉን ወደ ታች አወረዱት፣ ሕመሙም ቀነሰ። መድኃኒት የለ፣ ማሽን የለ፤ መዝገብ ማየትና አልጋ ማውረድ ብቻ። እኛ ጋ ስንት የማዋለጃ ክፍል ነው ቀጥታ ከቆርቆሮ በታች ያለው? በክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ስንት ነው? ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። መብራት ሲጠፋ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ደም የሚፈስሳት እናት የምትወጋው ኃይሉን ያጣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊኑን እንስራ አጠገብ ቀብሮ የሚያኖር የስኳር ሕመምተኛም ከእናንተ ምክር ይጠብቃል።

"ሙቀት ለምደነዋል" የሚለውን መልስ አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ለምደነዋል፣ እውነት ነው። ድሬ ቀትር ላይ ሱቁን ይዘጋል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሥራውን በማለዳና በማታ ያደርጋል። ይህ ጥበብ ብዙ ሰው አድኖ ይሆናል። ግን የለመደው ጤነኛው ነው። ጨቅላው አልለመደም። የሰማንያ ዓመቷ እማማ ቀድሞ የለመዱትን ሰውነታቸው አሁን አይችለውም። ልማዱ ራሱ የተሠራው ለቀድሞው ሙቀት ነው። ደግሞስ ዳሎልን "ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች በአማካይ የዓለም ሞቃቱ" ብለን ለቱሪስት እየሸጥን ለጤናው ሲሆን ሙቀቱ ተራ ነገር የሚሆነው እንዴት ነው?

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። እነሱን ቆጥረናል፣ አልቅሰናል። ከዚያም ግንብ ተሠራ፣ የማስጠንቀቂያ ነገር ተወራ። ሙቀት ድምፅ ስለሌለው ነው መሰለኝ እንደዚያ ያልሆነለት።

የምጠይቀው ለአንድ ዓመት ሙከራ ነው። ድሬዳዋ፣ ከአፋር አንድ ወረዳ፣ ጋምቤላ ከተማና መተማ ይበቃሉ። ጤና ጣቢያዎች መስመሩን ይሙሉ፤ የእድር፣ የአፎሻና የመቃብር ጸሐፊዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ስልክ ይደወልላቸው፤ ሚቲዎሮሎጂ የየቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ከእርጥበቱ ጋር ለኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላክ። ለጸሐፊዎቹ የስልክ ካርድ ይሰጣቸው፣ በነፃ አትጠይቋቸው። ውጤቱም ለእናንተ ብቻ አይቅር፤ ለየከተማው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ፣ በጋምቤላም በኑዌርና በአኙዋ ይውጣ። የጋምቤላው ወቅት የካቲት ላይ ስለሚጀምር ቅጹ እስከ ጥር መድረስ አለበት። ከዘገየ አንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው።

በሰፈሬ ያሉትን የእድር ጸሐፊዎች አውቃቸዋለሁ። ከመካከላቸው ሁለቱ ደብተራቸውን ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው፤ የሟቾቹ ስም እንዳይገለበጥ ግን አጥብቀው ነግረውኛል፣ ትክክልም ናቸው። ቀኑን፣ ዕድሜውንና ጾታውን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት እኔ ዝግጁ ነኝ። ፈቃድና አንድ የሚያርመኝ ባለሙያ ላኩልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድሬዳዋ ነዋሪ፣ የቀድሞ የጤና መረጃ ሠራተኛ